ቀኑን የማያውቅ ምስክር

በዛሬዋ ሩማንያ፣ በአፑሴኒ ተራሮች ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በ1,165 ሜትር ከፍታ ላይ አንድ ገደል የሚያህል ጉድጓድ አለ። 48 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። ታች የሚገኘው ወለል አፈርም ድንጋይም አይደለም፤ በረዶ ነው። መጠኑ ከ100,000 ሜትር ኩብ ይበልጣል፣ ውጭ ሣሩ በፀሐይ ሲጠወልግ እንኳ አያልቅም። ዋሻው ስካሪሾዋራ ይባላል። በ1863 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አዶልፍ ሽሚድል የተባለ ኦስትሪያዊ ምሁር ስለ ቢሆር ተራሮች ባሳተመው መጽሐፍ የዚህን ዋሻ ካርታ አወጣ።

በረዶው እዚያ የመክረሙ ምስጢር ቀላል ነው። በብርዱ ወራት ቀዝቃዛ አየር ስለሚከብድ በጉድጓዱ አፍ ቁልቁል ይፈስሳል። ሙቀቱ ሲመጣ ደግሞ ሞቃት አየር ቀላል በመሆኑ ወርዶ ቀዝቃዛውን ሊያስወጣ አይችልም። ዓመቱን ሙሉ ከጣራው የሚንጠባጠበው ውሃ በበረዶው ወለል ላይ ይጠራቀማል፤ ብርዱ ሲገባ ከላይ ጀምሮ ወደ በረዶነት ይለወጣል። ለከርሞ ሌላ ንብርብር ይደረብበታል። ከንብርብሮቹ መካከል ከላይ የወደቀ ቅጠል፣ የእንጨት ስባሪ፣ የነፍሳት ክንፍ አብሮ ይቀበራል።

ከዚያ ወዲህ ዋሻ ማሰስ በአውሮፓ ተራሮች የጀብደኞች ሥራ ሆነ። በ1879 አንቶን ፖሰልት በኦስትሪያ ቬርፈን ከተማ አጠገብ ወዳለ ግዙፍ የበረዶ ዋሻ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ገብቶ ተመለሰ። የአገሬው ሰው ዋሻውን የሲኦል በር አድርጎ ይፈራው ነበር ይባላል። ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በኋላ አሌክሳንደር ፎን ሞርክ የተባለ ወጣት የፖሰልትን ጽሑፍ አንብቦ ወደ ውስጥ ዘለቀ። አይስሪዘንቬልት የሚል ስም የተሰጠው ይህ ዋሻ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት እንዳለው ከጊዜ በኋላ ታወቀ። ፎን ሞርክ ግን ይህን አላየም፤ በ1914 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሞተ፣ የአስከሬኑ አመድም በኋላ እዚያው ዋሻ ውስጥ አረፈ።

ስካሪሾዋራን በሳይንስ ዓይን መመርመር የጀመረው ሰው በረዶ እንግዳ አልነበረበትም። ሩማንያዊው ኤሚል ራኮቪትሳ ከ1897 እስከ 1899 ቤልጂካ በተባለችው መርከብ ወደ አንታርክቲካ ከሄዱት ተመራማሪዎች አንዱ ነበር። በ1904 ማዮርካ ደሴት ላይ በዋሻ ውሃ ውስጥ የምትኖር ዓይነ ስውር ፍጡር ካገኘ በኋላ ቀሪ ዕድሜውን ለዋሻ ሰጠ፤ በ1920ም በክሉዥ ከተማ በዓለም የመጀመሪያውን የዋሻ ጥናት ተቋም መሠረተ። ስለ ስካሪሾዋራ በረዶ የጻፈው ጥናት በ1927 ታተመ።

እነዚህ ሰዎች ንብርብሩን በዓይናቸው አይተዋል። ንብርብር ካለ ዘመን እንዳለ ያውቃሉ። ያልነበራቸው ነገር ሰዓት ነው። የበረዶው ግርጌ የመቶ ዓመት ይሁን የዐሥር ሺህ፣ በዋሻዎች ውስጥ ጠብታ የሚሠራው የድንጋይ ዓምድ ከክርስቶስ ልደት በፊት ይሁን በኋላ የተነሣ፣ ማንም መናገር አይችልም ነበር። ቀኑን የማያውቅ ምስክር ደግሞ በየትኛውም ችሎት ፊት ብዙ አይጠቅምም። ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ በአብዛኛው የዚያ ሰዓት ታሪክ ነው።

ሰዓቱ ከመምጣቱ በፊት ግን ቴርሞሜትር መጣ። አሜሪካዊው የኖቤል ተሸላሚ ሃሮልድ ዩሪ በ1947 ባሳተመው ጽሑፍ አንድ ነገር አስረዳ። በተፈጥሮ የሚገኘው ኦክስጅን አንድ ዓይነት አይደለም፤ አብዛኛው ቀላሉ ኦክስጅን 16 ሲሆን ከመካከሉ ጥቂቱ ከባዱ ኦክስጅን 18 ነው። ውሃ ውስጥ ካልሳይት የተባለው ማዕድን ሲፈጠር፣ ከከባዱ ኦክስጅን ምን ያህል እንደሚይዝ በሙቀቱ ይወሰናል። ስለዚህ ጥንታዊ ዛጎልን መርምሮ የጥንቱን ባሕር ሙቀት መገመት ይቻላል።

ሐሳቡን ወደ ዝናብ ያመጣው ዴንማርካዊው ቪሊ ዳንስጋርድ ነው። በሰኔ 1952 ኮፐንሃገን ላይ ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ዳንስጋርድ በግቢው ሣር ላይ ባዶ የቢራ ጠርሙስ አቆመና አፉ ላይ ዘይት ወይም ጋዝ ለመገልበጥ የሚያገለግለውን ዓይነት ሾጣጣ ሰካበት፤ ውሃውን በየጊዜው እየቀያየረ ሰበሰበ። የዝናቡ ኦክስጅን እንደ ደመናው ሙቀት ይለዋወጥ ነበር። ከዚህ ጠርሙስ የተነሣው ሥራ በመጨረሻ ወደ ግሪንላንድ የበረዶ ቁፋሮ አደረሰው። ለእኛ አካባቢ የሚበልጥ ፋይዳ ያለው ግን በ1964 ያወጣው ጥናት ነው። በሐሩር አካባቢዎች ዋናው ነገር ሙቀቱ ሳይሆን የዝናቡ ብዛት እንደሆነ አሳየ፤ ዝናቡ በበረታ ቁጥር ከባዱ ኦክስጅን ያንሳል። በቀዝቃዛ አገር ቴርሞሜትር የነበረው ነገር በሐሩር አገር የዝናብ መለኪያ ሆነ ማለት ነው።

በዚያው ዘመን ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ከዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ጋር በልዩ ልዩ አገሮች የዝናብ ውሃ እያሰባሰበ መመርመር ጀመረ። አዲስ አበባ ከ1961 ጀምሮ በዚህ መረብ ውስጥ አለች። ውጤቷም ሳይንቲስቶችን ግራ አጋባ። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚዘንብ ዝናብ በሕጉ መሠረት ከባዱ ኦክስጅን ሊያንሰው ይገባ ነበር፤ የአዲስ አበባው ግን እንደ ቆላ ዝናብ ከባድ ሆኖ ተገኘ። ዳንስጋርድን ጨምሮ ብዙዎች ምክንያቱን ፈልገዋል። ከቀረቡት ማብራሪያዎች አንዱ እርጥበቱ ከኮንጎ ተፋሰስ ደን በትነት ተነሥቶ የሚመጣ በመሆኑ ነው ይላል።

አሁን ወደ ዋሻው እንመለስ። የዝናብ ውሃ በአፈር ውስጥ ሲያልፍ ሥሮችና ተሐዋስያን ያወጡትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዝና ቀለል ያለ አሲድ ይሆናል። የኖራ ድንጋዩን እያሟሟ ይወርዳል። የዋሻው ጣራ ላይ ሲደርስ ጋዙ ይለቀቅና የተሟሟው ኖራ በካልሳይት መልክ ይረጋል። ከጣራ የሚንጠለጠለው ስታላክታይት፣ ከወለል ወደ ላይ የሚያድገው ስታላግማይት ነው። ተመራማሪዎች የሚመርጡት ስታላግማይቱን ነው፤ ንብርብሮቹ አንዱ በሌላው ላይ በሥርዓት ስለሚቆለሉ ለማንበብ ይቀላሉ።

በ1951 ኦስትሪያዊው ኸርበርት ፍራንከ ስታላግማይትን በካርቦን 14 ዕድሜውን መለካት እንደሚቻል ሐሳብ አቀረበ። ፍራንከን የሳይንስ ልብ ወለድ አንባቢዎች ይበልጥ ያውቁታል፤ በጀርመንኛ ከጻፉ የዘርፉ ስመ ጥር ደራሲዎች አንዱ ነውና። ሐሳቡ ብሩህ ነበር፣ እንከንም ነበረበት። በስታላግማይት ውስጥ ካለው ካርቦን ከፊሉ የሚመጣው ከአፈሩ ሳይሆን ከራሱ ከኖራ ድንጋዩ ነው፣ የድንጋዩ ካርቦን ደግሞ ካርቦን 14 ካለቀበት ሚሊዮኖች ዓመታት አልፈውታል። በመሆኑም ድንጋዩ ከእውነተኛ ዕድሜው ያረጀ ይመስላል። በዚያ ላይ ካርቦን 14 ከ50,000 ዓመት ወዲያ አይሻገርም።

በ1968 ሄንዲና ዊልሰን የተባሉ የኒው ዚላንድ ተመራማሪዎች የስታላግማይት ኦክስጅን ያለፈውን የአየር ንብረት ሊነግር እንደሚችል ኔቸር በተባለው መጽሔት አሳዩ። ሄንዲ በ1971 አንድ ማጣሪያም ጨመረ። አንድን ንብርብር ከመሐሉ ወደ ጠርዙ ተከታትለህ ለካው፤ ኦክስጅኑ ካልተለዋወጠ ጠብታው ሳይቸኩል ረግቷል፣ ምስክርነቱም ይታመናል። ከተለዋወጠ ውሃው ተንኖበታል ወይም ጋዙ በፍጥነት አምልጦበታል። ማጣሪያው ዛሬ ብዙ ትችት ቢቀርብበትም ዘርፉ ራሱን መጠራጠር የጀመረበት ምልክት ነው።

እውነተኛው ሰዓት ዩራኒየም ውስጥ ተገኘ። ዩራኒየም በውሃ ይሟሟል፣ ቶሪየም አይሟሟም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ጠብታው ስታላግማይቱ ላይ ሲያርፍ ዩራኒየም ይዞ ይመጣል እንጂ ቶሪየም አያመጣም። ዩራኒየሙ ቀስ በቀስ እየፈረሰ ቶሪየም 230 ይወልዳል። በድንጋዩ ውስጥ የተጠራቀመውን ቶሪየም ከቀረው ዩራኒየም ጋር ማስተያየት ዘመኑን መቁጠር ነው። በ1970ዎቹ በካናዳ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ሄንሪ ሽዋርትዝና ዴሪክ ፎርድ በዚህ መንገድ ብዙ ሠሩ። የጊዜው መሣሪያ ግን ትዕግሥት የሚፈታተን ነበር። አቶሙ ፈርሶ የአልፋ ቅንጣት እስኪተፋ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ለአንድ ልኬት በርከት ያለ ድንጋይ መፍጨት ያስፈልጋል፤ ውጤቱም ብዙ ሺህ ዓመት ወዲህና ወዲያ ይላል።

ለውጡ የመጣው በ1987 ነው። በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም በጌራልድ ዋሰርበርግ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ላሪ ኤድዋርድስና ባልደረቦቹ መፍረሱን መጠበቅ ትተው አቶሞቹን ራሳቸውን በማስ ስፔክትሮሜትር ቆጠሩ። የሞከሩት በኮራል ላይ ነበር። ከ120,000 ዓመት በላይ ለሆነው ናሙና እንኳ የስሕተቱ ክልል ወደ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ወረደ። የሚያስፈልገው ናሙናም እጅግ ትንሽ ሆነ። ኤድዋርድስ ወደ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ከየአህጉሩ የተቆረጡ ስታላግማይቶች ወደዚያ ቤተ ሙከራ ይጎርፉ ጀመር።

ሰዓት ማግኘት ጠብንም አብሮ አመጣ።

በአሜሪካ ኔቫዳ በረሃ፣ ውሃ የሞላበት ጠባብ ስንጥቅ አለ፤ የሰይጣን ጉድጓድ ይሉታል። ውሃው ለብ ያለ ነው፣ በዓለም ላይ እዚያ ብቻ የሚገኝ ትንሽ ዓሣም ይኖርበታል። ግድግዳው ላይ ከውሃው ሥር ካልሳይት ተጋግሯል። ጠላቂዎች ካወጡት ስብርባሪ፣ 36 ሳንቲሜትር ውፍረት ካለው አንድ ቁራጭ ብቻ፣ የአሜሪካ ጂኦሎጂ ጥናት ባልደረባ የሆነው አይዛክ ዊኖግራድና ጓደኞቹ በ1992 የ500,000 ዓመት ታሪክ አነበቡ። ችግሩ የአንዱ ቀን ነበር። በጊዜው ተቀባይነት ባለው ሐሳብ መሠረት የበረዶ ዘመናትን የሚያስጀምረውና የሚያበቃው የምድር ምሕዋር ቀስ በቀስ መለዋወጥ ነው። ከመጨረሻው በፊት የነበረው የበረዶ ዘመን ያበቃው የሰሜኑ ፀሐይ በበረታበት፣ ከ128,000 ዓመት በፊት አካባቢ መሆን አለበት። የሰይጣን ጉድጓድ ግን ሙቀቱ የመጣው ከ140,000 ዓመት በፊት ነው አለ። ፀሐይዋ ሳትበረታ ምድር ሞቀች ማለት ነው! ወይ የምሕዋሩ ሐሳብ ተሳስቷል፣ ወይ ድንጋዩ።

ይህ ክርክር ከሃያ ዓመት በላይ ፈጀ። የተፈታውም ሌሎች ብዙ ዋሻዎች በመሐል ሥራቸውን ከሠሩ በኋላ ስለሆነ ለጊዜው እናቆየው።

በ1968 በእስራኤል ቤት ሼሜሽ አጠገብ ድንጋይ ለማውጣት የተቀበረ ፈንጂ ሶሬቅ የተባለውን ዋሻ ከፍቶ ነበር። ሚራ ባር ማቲውስና አቭነር አያሎን ከ1990ዎቹ ጀምሮ ስታላግማይቶቹን ሲያነቡ፣ ከባዱ ኦክስጅን በጣም ያነሰባቸው ዘመናት በሜድትራንያን ባሕር ወለል ላይ ጥቁር ጭቃ ከተጋገረባቸው ዘመናት ጋር ገጠሙ። ጥቁሩን ጭቃ የፈጠረው በአብዛኛው የአባይ ጎርፍ ነው። በኢትዮጵያ ከፍታዎች ላይ ክረምቱ በበረታባቸው ዘመናት ወንዙ ባሕሩን በጨው አልባ ውሃ ይሸፍነዋል። ቀላሉ ውሃ ላዩ ላይ ሲንሳፈፍ ኦክስጅን ወደ ታች አይደርስም፤ ሙት የሆነ ሁሉ ሳይበሰብስ ወለሉ ላይ ይከማቻል። የባሕሩ ጭቃ አስተማማኝ ቀን አልነበረውም፤ ቀኑን የሰጠው የይሁዳ ተራሮች ዋሻ ነው። የጎጃምና የጎንደር ዝናብ ዘመን በኢየሩሳሌም አካባቢ ድንጋይ ተቆጠረ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ2001 ቻይናዊው ዋንግ ዮንግጂንና ባልደረቦቹ በናንጂንግ አጠገብ ካለው ሁሉ ከተባለ ዋሻ በወጡ አምስት ስታላግማይቶች ላይ ያደረጉትን ጥናት ሳይንስ በተባለው መጽሔት አወጡ። ከ75,000 እስከ 11,000 ዓመት በፊት ያለው የእስያ ዝናብ ተነበበ። በግሪንላንድ በረዶ ላይ የታየው እያንዳንዱ ድንገተኛ ሙቀትና ብርድ በቻይና ድንጋይም ላይ ነበር። ግሪንላንድ ስትሞቅ የእስያ ዝናብ ይበረታል፣ ስትቀዘቅዝ ይደክማል። በ2016 የቼንግ ሃይ ቡድን ይህን መዝገብ እስከ 640,000 ዓመት አደረሰው። አለመግባባት ግን አልጠፋም። የቻይና ስታላግማይት ኦክስጅን የሚለካው በዋሻው ላይ የዘነበውን ዝናብ ነው ወይስ ደመናው ከየት እንደመጣ? ዛሬም በየስብሰባው ይከራከሩበታል። በ2008 የቫንሺያንግ ዋሻ ጥናት የታንግ፣ የዩዋንና የሚንግ ሥርወ መንግሥታት መጨረሻ ከደካማ ዝናብ ዘመን ጋር ይገጥማል ሲልም ይኸው ጥያቄ አብሮት ይነሣል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ጂኦሎጂስት አስፋወሰን አስራትና እንግሊዛዊው አንዲ ቤከር በምዕራብ ሐረርጌ መቻራ አካባቢ ዋሻዎችን ያጠኑ ነበር። ምርጫው በአጋጣሚ የተደረገ አይደለም። አካባቢው የበልግንም የክረምትንም ዝናብ ያገኛል፣ እርጥብና ደረቁ ወቅት በግልጽ ይለያል፣ ስለዚህም ብዙዎቹ ስታላግማይቶች እንደ ዛፍ ቀለበት በየዓመቱ አንድ ንብርብር ያበጃሉ። በ2007 ሁለት ሥራዎች ታተሙ። አንዱ ከአምስት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ያደገን ስታላግማይት መረመረ። ሁለተኛው ይበልጥ ትሑት፣ በእኔ ግምት ግን ይበልጥ ጠቃሚ ነበር። በቅርቡ መቶ ዓመት ያደጉ ሁለት ስታላግማይቶችን ወስዶ በመሣሪያ ከተለካ ዝናብ ጋር አስተያየ። ጥንቱን እናውቃለን ከማለት በፊት፣ ድንጋዩ የምናውቀውን ዘመን በትክክል ይናገር እንደሆነ መፈተን ነው። የተገኘው መልስ ቅልቅል ነበር። የዐሥርና የሃያ ዓመቱ የዝናብ ውጣ ውረድ ይታያል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ስታላግማይት የሚናገረው የራሱን ጠብታ ነው። ውሃው በየትኛው ስንጥቅ እንደወረደና ከላይ ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ ምስክርነቱን ይለውጠዋል። ለዚህ ነው አንድን ዋሻ በአንድ ድንጋይ ብቻ መፍረድ አደገኛ የሚሆነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት በፍጥነት ይሄዳሉ። በ2012 በቤሊዝ ከዮክ ባሉም ዋሻ የወጣ ስታላግማይት የማያ ከተሞች ያበቡት ዝናብ በበዛበት ዘመን እንደነበር፣ ከ660 ወዲህ ግን ዝናቡ እየራቀ እንደሄደ አሳየ። በ2015 በቻይና ቺንሊንግ ተራሮች ከዳዩ ዋሻ የተገኘው መዝገብ ደግሞ የሰው ጽሑፍ ማረጋገጫ ነበረው። ከ1520 እስከ 1920 ባለው ጊዜ በድርቅ ዓመታት ውሃ ለመቅዳትና ዝናብ ለመለመን ወደ ዋሻው የገቡ ሰዎች በግድግዳው ላይ ዓመቱን ጽፈዋል። ከእነዚህ ዓመታት አንዳንዶቹ 1528፣ 1707፣ 1839 እና 1891 ናቸው። ስታላግማይቱም በእነዚያው ዘመናት ድርቅ አሳየ። ሳይንቲስት ከዚህ የሚሻል ምን ይመኛል?

በ2013 አንቶን ቫክስ ከሳይቤሪያ ይዞ የመጣው ነገር የተለየ ነበር። ዓመቱን ሙሉ የማይቀልጥ በረዶ በያዘ መሬት ሥር ያለ ዋሻ አይንጠባጠብም፤ ካልተንጠባጠበ ስታላግማይት አያድግም። እዚህ መረጃ የሆነው እድገቱ ሳይሆን መቆሙ ነው። በ60 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ባለው ሌድያናያ ሌንስካያ ዋሻ በ500,000 ዓመት ውስጥ ስታላግማይት ያደገው ከ400,000 ዓመት በፊት ገደማ ብቻ ነበር። ያኔ የዓለም ሙቀት ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው በ1.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይበልጥ ነበር። በረዷማው መሬት የያዘው ካርቦን እጅግ ብዙ ስለሆነ ይህ ቁጥር ከዋሻ ተመራማሪዎች ክበብ አልፎ ብዙዎችን አነጋገረ።

ያቆየነው የሰይጣን ጉድጓድ ጠብ መፍትሔ ያገኘው በ2016 ነው። ጂና ሞዝሊና ባልደረቦቿ በዚያው ስንጥቅ አጠገብ ካለ ሁለተኛ ዋሻ በተለያየ ከፍታ ላይ ያለ ካልሳይት ወሰዱ። ዕድሜ አንድ የሆነው ንብርብር ከውሃው በታች ሲለካ ያረጀ፣ ከፍ ባለ ቦታ ሲለካ ወጣት ሆኖ ተገኘ። ከውሃው ጥልቀት ጋር አንድ ነገር ይጨመር ነበር። ያ ነገር ቶሪየም ነው። ከዩራኒየሙ መፍረስ ያልመጣ፣ በውሃው ተሸክሞ የመጣ ትርፍ ቶሪየም ሰዓቱን አስቀድሞታል። ትርፉ ሲቀነስ የበረዶው ዘመን ማብቂያ ከምሕዋሩ ሐሳብ ጋር ታረቀ። ዊኖግራድ የሠራው ልኬት ሐሰት አልነበረም፤ ሰዓቱ ሲጀምር ዜሮ ላይ ነበር ያለው ግምት ነው የተሳሳተው።

የካርቦን 14ም ዕጣ ተገለበጠ። በ2018 የቼንግ ሃይ ቡድን የሁሉን ዋሻ ስታላግማይት በሁለቱም መንገድ ለክቶ እስከ 54,000 ዓመት ድረስ የካርቦን 14 ሰዓት ምን ያህል እንደሚሳሳት አሳየ፤ ውጤቱም በ2020 በወጣው የዓለም ማስተካከያ ሠንጠረዥ ውስጥ ገባ። በፍራንከ ዘመን በካርቦን 14 ዕድሜው ሊለካ ያልቻለው ድንጋይ ዛሬ ካርቦን 14ን ራሱን የሚያርም ሆነ።

በረዶውስ? በ2003 በስካሪሾዋራ 22.5 ሜትር ተቆፍሮ በረዶ ወጣ። በ2017 ኦሬል ፐርሶዩና ባልደረቦቹ የዐሥር ሺህ ዓመት መዝገብ አቀረቡ። የዚህ በረዶ ትልቁ ዋጋ የሚናገረው ስለ ብርዱ ወራት መሆኑ ነው። ዛፍ፣ የአበባ ብናኝ፣ አብዛኛው ሌላ መረጃ የሚናገረው ስለ እድገት ወቅት ነው። የስካሪሾዋራ የብርድ ወራት ግን ከዐሥር ሺህ ዓመት በፊት ጀምሮ እየሞቁ መጥተው ከአምስት ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ጫፍ ደረሱ፤ ከዚያ በቀስታ እየቀዘቀዙ ሄዱ። ቀኑን የሰጠው በበረዶው ውስጥ የተቀበረው ያ ቅጠልና ስባሪ እንጨት ነው፤ ድንጋዩን ያስቸገረው ካርቦን 14 ለበረዶው ተስማማ።

የዋሻ በረዶ ግን እየጠፋ ነው፤ ተመራማሪው ከሙቀቱ ጋር ይሽቀዳደማል። በኒው ሜክሲኮ ኤል ማልፓይስ በተባለ የእሳተ ገሞራ መሬት ውስጥ ያሉ የላቫ ዋሻዎች በአንድ ወቅት ብዙ በረዶ ነበራቸው። ቦግዳን ኦናክና ባልደረቦቹ ከቀረው ላይ ከአንድ ሜትር ያነሰ ናሙና ቆፍረው ሲያወጡ ከሰል አገኙበት። በ2020 ያሳተሙት ጥናት እንደሚለው ከ150 እስከ 950 ባሉት ዓመታት በአምስት የድርቅ ወቅቶች የዚያ አገር ጥንታዊ ነዋሪዎች፣ የዛሬዎቹ የፑዌብሎ ሕዝቦች ቅድመ አያቶች፣ ዋሻው ውስጥ ገብተው በረዶው ላይ እሳት አንድደዋል። የሚያቀልጡት ለመጠጥ ነበር። የአየር ንብረቱን መዝገብ ከሰዎቹ ጥም ጋር አንድ ላይ የያዘ በረዶ ነው።

ወደ ድንጋዩ ስንመለስ፣ ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ የስታላግማይት መዝገቦችን በአንድ ቋት ያደራጀው ሲሳል የተባለው ፕሮጀክት በ2020 ባወጣው ሁለተኛ እትሙ ከ294 ዋሻዎች 691 መዝገቦች ነበሩት። አብዛኞቹ ከአውሮፓና ከእስያ ናቸው።

በ2022 የወጣው ጥናት ደግሞ ለኢትዮጵያ ታሪክ አንባቢ እጅግ ቅርብ ነው። ዶሚኒክ ፍሌትማን በሰሜን ኦማን የሚገኘውን የሆቲ ዋሻ ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ ያውቀዋል። አዲሱ ሥራ በአንድ ስታላግማይት ላይ በ500 እና በ530 መካከል የተከሰተ ብርቱ ድርቅ አሳየ። ይህ ዘመን በቀይ ባሕር ማዶ የሂምያር መንግሥት የተናጋበት ዘመን ነው። በ523 አካባቢ ንጉሡ ዙ ኑዋስ፣ በእኛ ትውፊት ፊንሐስ የሚባለው፣ የናግራንን ክርስቲያኖች ፈጀ፤ የቅዱስ ኂሩት ሰማዕትነት የተነገረው በዚህ ምክንያት ነው። በ525 አካባቢ የአክሱሙ አፄ ካሌብ ባሕሩን ተሻግሮ ሂምያርን ድል አደረገ።

ታዲያ ካሌብ ያሸነፈው ድርቅ ያደከመውን መንግሥት ነበር? ፍሌትማንና ባልደረቦቹ ድርቁ ብቻውን ሂምያርን ጣለ አላሉም። የፖለቲካ ሽኩቻውን፣ የሃይማኖት ጠቡን፣ ጦርነቱን ከድርቁ ጋር አብረው ደርድረዋል። ተቃዋሚው የሚያነሣው ጥያቄም አለ። ሆቲ ከሂምያር ከተማ ከዛፋር ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፣ የሰሜን ኦማን ዝናብም የየመን ተራሮች ዝናብ አይደለም። ተመራማሪዎቹ ይህን ክፍተት ለመሙላት ከሌሎች አካባቢዎች የተገኙ መረጃዎችንና የተጻፉ ምንጮችን ጨምረዋል፤ ያም ቢሆን ክርክሩ የሚዘጋ አይመስልም። የሂምያር ኑሮ በተራራ እርከንና በመስኖ ላይ የቆመ መሆኑን ግን ማንም አይክድም። ዝናብ ሲጠፋ እርከን ጠጋኝ ያጣል፣ ግድብ ይፈርሳል። ከካሌብ ሠራዊት ጋር ተሻግሮ በኋላ የሂምያር ገዥ የሆነው አብርሃ በ548 የማሪብን ታላቅ ግድብ ሲያስጠግን ሠራተኛውን ከየነገዱ ጠርቶ፣ ስንቁን አሰናድቶ፣ የሆነውን ሁሉ በሳባ ፊደል ድንጋይ ላይ አስቀርጾታል።